ቁርቁራውን ማን በላው

ተዋበች አረፈች። ወሬውን የነገረኝ ሾፌሩ ሰይድ ነው። ከአል ዐይን ደውሎ፣ "እትዬ አስካለ፣ ተቀምጠዋል?" አለኝ። ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

"ተቀምጫለሁ" አልኩት።

"ተዋበች አገሯ ገብታ ታማ ሰንብታ ነበር አሉ። ባለፈው ሳምንት ተቀብራለች። እህቷ ናት የደወለችልኝ።"

"ነፍሷን ይማረው" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ሽንኩርቱን ከትፌ ጨረስኩ።

እሑድ አቡ ዳቢ ያሉ የአገሬ ሴቶች አል ዛሂያ ሰፈር ውስጥ በአንዷ ቤት ለልቅሶ ተሰበሰቡ። ክፍሏ ጠባብ ናት። ግማሾቻችን አልጋ ላይ፣ ግማሾቻችን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። አብዛኞቹ ተዋበችን የሚያውቋት በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። አንዷ ወደ እኔ ዞራ፣ "እትዬ፣ በደንብ የሚያውቋት እርስዎ ነዎት፤ እስኪ ስለሷ ይንገሩን" አለችኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ሠራተኛ ሴት ነበረች" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

"ከፍቷቸዋል፣ ተዉአቸው" አለች ሌላዋ፣ ውሃ እያቀበለችኝ።

ማዘኔ እውነት ነው። አፌን የያዘው ግን ሐዘን አልነበረም። በተዋበች ለዓመታት ቀንቼባታለሁ። እጇን፣ አሳሳቋን፣ አረማመዷን ሳይቀር ስከታተል ኖሬያለሁ። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሁሉ በደንብ የማውቃት እኔ ነኝ መባሉ ልክ ነው።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ልብስ ስፌትም ተምሬያለሁ። እዚህ አገር ስመጣ አቡ ዳቢ፣ አል ባጢን ሰፈር ካለ አንድ ቪላ ገባሁ። መርየም ያን ጊዜ የአርባ ቀን ልጅ ነበረች። እናቷ፣ ማዳም፣ ቢሮ ትውላለች። ልጅቷን አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አፏን በዐረብኛ ብትፈታም "እሺ" እና "በቃ" ማለትን ከዐረብኛው እኩል ነው የለመደችው። "ማማ አስካለ" ትለኛለች። የራሴ ልጅ የለኝም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ኋላ የሠራሁት ነገር ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው።

በየሳምንቱ መጨረሻ ሰይድ አል ዐይን፣ የመርየም አያት ቤት ይወስደናል። አሮጊቷን ሁላችንም ጅዳ ነው የምንላቸው። ከቤታቸው ጀርባ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያለሙት ሰፊ እርሻ አለ። ባልየው ሲሞቱ፣ የጉድጓዱም ውሃ ጨው ጨው ሲል፣ ልጆቹም አንድ በአንድ አቡ ዳቢ ሲገቡ እርሻው ተተወ። የመስኖው ቦይ በአሸዋ ተሞላ። ከተምሮቹ ግማሾቹ አናታቸው ደርቆ ቆመው ቀሩ። በመካከላቸው ማንም ያልተከለው ጋፍ የሚሉት የበረሃ ዛፍና ቁርቁራ በቀለ። ከሥር ያለው የወደቀ ቅጠል ብቻ ነው፤ ማንም አይጠርገውም። የማዳም ወንድም በመጣ ቁጥር፣ "ይህን ቆሻሻ ጠርጌ ቪላ ልሥራበት" ይላል። ጅዳም በመጣ ቁጥር፣ "እኔን ከቀበርክ በኋላ" ይሉታል።

ተዋበች ለጅዳ ምግብ ልታበስልና ፍየሎቻቸውን ልትጠብቅ የመጣችው መርየም ሁለተኛ ዲግሪዋን በጀመረችበት ዓመት ነው። የሰሜን ወሎ ገበሬ ልጅ ናት። ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ታንሳለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ የምትከልል ሴት ነበረች። በመጣች ሰሞን ዐረብኛዋ "ኢየዋ" እና "ኸላስ" ማለትም አዎና በቃ ብቻ ስለነበር የሚነገራትን ሁሉ የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ይህን አልዘነጋውም። እሷንና መርየምን ያገናኘሁት በራሴ አፍ ነው።

እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ምሳ ላይ መርየም ለዲግሪዋ ምን እንደምትሠራ ተናገረች። የተተወ እርሻ ላይ የወደቀ ቅጠል እንዴት ፈርሶ አፈር እንደሚሆን፣ የየትኛው ዛፍ ቅጠል እንደሚፈጥን፣ የየትኛው እንደሚዘገይ፣ የሚለያቸውም ምን እንደሆነ ልታጠና ነው። አጎቷ ሹካውን አስቀምጦ ሳቀ።

"ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ቆሻሻ ልታጠኚ ነው?"

ተዋበች የሩዙን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እትዬ፣ ልጅቱ ምን እያለች ነው?" አለችኝ በአማርኛ። ባጭሩ ነገርኳት።

"ታዲያ ለምን ፍየሎቹን አትጠይቃቸውም?"

"ምን አለች?" አለች መርየም።

ለመተርጎም አፈርኩ። "ምንም አላለችም፣ ብዪ" አልኳት። መርየም ግን እጄን ይዛ፣ "ማማ፣ ምን አለች?" አለችኝ። ተረጎምኩላት። ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ተዋበች ከእርሻው የአራት ዛፍ ቅጠል ሰብስባ አራት ቦታ ከመረችው። ከዚያ ፍየሎቹን ለቀቀቻቸው። ፍየሎቹ ቀጥታ ቁርቁራው ላይ ሰፈሩ። እሱን ሲጨርሱ ጋፉን ቃሙ። የተምሩን ቅጠል ነክሰው ተዉት። መራራውን የኒም ዛፍ ቅጠል አሽትተው አለፉ፤ አንዷማ አስነጠሰች። መርየም መሬት ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ እተረጉማለሁ።

"ፍየል የምትመርጠውን ቅጠል መሬቱም ቶሎ ነው የሚጨርሰው ይበሏት" አለችኝ ተዋበች። "የአባቴ መሬት አንድ ጊዜ ጠፍ ሆኖ ሦስት ዓመት ከርሞ ነበር፤ ያኔ አይቻለሁ። ለስላሳው፣ ስሱ፣ የማይመረው ይቀድማል። ጅማት የበዛበትና ላዩ ሰም የተቀባ የሚመስለው ይቆያል።"

መርየም ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። "ማማ፣ ፕሮፌሰሬ ይህንኑ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀበት እኮ!" አለች። ከዚያ ወደ ተዋበች ዞራ፣ "ኡስታዛ" አለቻት።

አስተማሪ ማለት ነው። ጫማ ማሰር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠርኳት፣ በጨለማ አለመፍራትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ኡስታዛ ብላኝ አታውቅም። ማማ መባል ከዚያ እንደሚበልጥ ለራሴ ነገርኩት፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም።

ከዚያ በኋላ አል ዐይን በደረስን ቁጥር መርየም ጅዳን ስማ ቀጥታ ወደ ተዋበች ትሮጣለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ያለእኔ መግባባት ጀመሩ፤ የአንዷ ዐረብኛ የሌላዋ አማርኛ ተቀላቅሎ የሁለቱ ብቻ ቋንቋ ሆነ። ተዋበች ቅጠል ስታነሣ መጀመሪያ ጆሮዋ ሥር አድርጋ በጣቶቿ ታሸዋለች። ሁልጊዜ "እስኪ ይናገር" ነው የምትለው። ከዚያ ትቀደዋለች፣ ትነክሰዋለች፣ ትተፋዋለች፣ ፍርዷን ትሰጣለች። መርየምም ማሸት ጀመረች። አንድ ቀን አል ባጢን፣ እናቷ ፊት፣ ከአበባ ማስቀመጫ ቅጠል ቀንጥባ በአማርኛ "እስኪ ይናገር" ስትል ሰማኋት። በሃያ ዓመት ካስተማርኳት አማርኛ ውስጥ ይህ የለበትም።

ሰይድ ነገሩን ይቀልድበት ነበር። "እትዬ አስካለ፣ ሰው ቆሻሻ ከቤቱ ያስወጣል፤ እኛ በመኪና ጭነን አቡ ዳቢ እናስገባለን። ይቺ ተዋበች ከቅጠል ጋር ከምታወራ ከአሠሪዋ ከካፊሏ ጋር ብታወራ እስካሁን ደመወዝ ይጨመርላት ነበር!"

"ቅጠሉ ይሻለኛል" ትለዋለች እሷ። "ካፊል 'ቡክራ፣ ነገ' ነው የሚለኝ። ቅጠል ዛሬውኑ ይመልስልኛል።"

እኔንም አትምረኝም ነበር። አንድ ቀን የወደቀ የተምር ዘንባባ አንሥታ ጫፉን ለማጠፍ ስትታገል፣ "እርስዎ ይህን ነዎት፣ እትዬ" አለችኝ።

"እንዴት?"

"ከወደቀ ስንት ክረምቱ ነው፤ አሁንም እንደ ቆመ ነው የሚያስበው። እሺ አይልም።"

ሰይድ ከት ብሎ ሳቀ። መርየምም ሳቀች። "አንቺስ ምንድን ነሽ?" አልኳት። "እኔማ ቁርቁራ ነኝ፤ እሾህ አለብኝ፣ ግን ቶሎ እፈርሳለሁ" አለችና አፏን በእጇ ጀርባ ከለለች። ማታውን ሁሉ መልስ ስፈልግ ነበር።

እኔ የነበረኝ አንድ ነገር ስፌት ነው። የመርየም ሥራ ከረጢት ይፈልግ ነበር። የደረቀውን ቅጠል መዝና የመረብ ከረጢት ውስጥ ትከተዋለች፤ ከረጢቱን እርሻው መሬት ላይ ትተወዋለች፤ በየሦስት ወሩ ጥቂቱን አንሥታ የቀረውን ቅጠል ትመዝናለች። ለአራቱ ዛፎች ለያንዳንዳቸው ሠላሳ ያስፈልጋታል። ከገበያ ጥቅል አረንጓዴ መረብ ገዝታ አመጣችልኝ። ቀዳዳው ምስር የሚያሳልፍ፣ ሻካራ ነገር ነው።

"ለምን ቀዳዳው እንዲህ ሰፋ?" አልኳት።

"ኡስታዛን ጠይቂያት፣ እሷ ደህና አድርጋ ታስረዳሻለች። ብቻ ከዚህ መረብ ውጪ እንዳትጠቀሚ፣ ማማ" አለችኝ፤ መጽሐፏን ይዛ ወደ ክፍሏ ወጣች።

አልጠየቅኳትም። እኔ የተማርኩት ሴት፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈችውን ስለ ራሴ ስፌት ልጠይቃት?

ከመቶ ሃያው ከረጢት ዘጠናውን በሁለት ሳምንት ሰፋሁ። ከዚያ መረቡ አለቀ። መርየም ፈተና ላይ ነበረች። ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ብጠይቃት "ኡስታዛን" እንደምትለኝ አውቅ ነበር። ዕቃ ቤት ውስጥ ማዳም የመስኮቶቹን የትንኝ መረብ ስታስለውጥ የተረፈ ጥቅል ነበር። እሱም አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ይህኛው ግን ደቃቅ፣ ልስልስ ያለ፣ ለስፌት የሚመች ነው። የቀሩትን ሠላሳ በሱ ሰፋኋቸው። እንዲያውም ከሌሎቹ አምረው ወጡ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ክፋት አላሰብኩም። የእኔ እጅ ከገበያው መረብ የተሻለ ሥራ እንደሠራ ነበር የታየኝ።

ቅጠሉ የተሞላው አል ዐይን ነው፤ ከረጢቶቹን በተሰፉበት ተራ በጥድፊያ እያነሡ ሞሏቸው። ተዋበች ቁርቁራውን የለቀመችው በመጨረሻ ስለነበር የእኔ ሠላሳ ያማሩ ከረጢቶች በሙሉ ለቁርቁራ ደረሱ። ተዋበች የመጨረሻውን መሬት ላይ ስታስቀምጥ ለመርየም፣ "ከሦስት ወር በኋላ ይህን ስትከፍቺ ከጅማቱ በቀር አታገኚም። ያልኩት ካልሆነ ፍየሎቹን ሽጪያቸው" አለቻት። መርየም ይህንን ጻፈችው። ለፕሮፌሰሯም ነገረችው።

ከሦስት ወር በኋላ ሁላችንም እርሻው ውስጥ ነበርን። ጅዳ እንኳን ወንበር አስወጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መርየም መጀመሪያ የተምሩን ከረጢት ከፈተች፤ ቅጠሉ እንደነበረ ነው። ኒሙም እምብዛም አልተነካም። የጋፉን ስትከፍት ጮኸች።

"ምስጥ! ምስጥ!" አለች በአማርኛ፤ ይህንንም ቃል እኔ አላስተማርኳትም። "አየሽ ማማ፣ ቀዳዳውን ያሰፋነው ለነሱ ነው! እነሱ ካልገቡ እዚህ አገር ቅጠል በምን ይፈርሳል? ዝናብ የለ!"

የእኔ ደቃቅ መረብ ምስጥ አያስገባም። ያኔ ነው የገባኝ።

ከዚያ የቁርቁራውን ከፈተች። ቅጠሉ ደርቋል፣ ቀለሙን ጥሏል፤ ግን እንዳለ ነው። ሁለተኛውን ከፈተች፤ እንዳለ ነው። ሦስተኛውንም። መርየም ተዋበችን ቀና ብላ አየቻት።

"ኡስታዛ፣ አንቺ ግን..."

"ፍየሎቹ ሊሸጡ ነው!" አለ ሰይድ። ማንም አልሳቀም።

ተዋበች ቁጢጥ አለች። ከረጢቱን አነሣች። ቅጠሉን አላየችውም። መረቡን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ይዛ ጆሮዋ ሥር አሸችው። "እስኪ ይናገር" አለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ብዙ አየችኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ምን ይዞኝ እንደሆነ አላውቅም።

"እህ፣ ምን አለሽ?" አለ ሰይድ።

"ዛሬ አልተናገረም" አለች። ከረጢቱን አስቀመጠችና ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። ለመርየም፣ "ምናልባት የዚህ አገር ቁርቁራ ጠባዩ ሌላ ይሆናል" አለቻት። ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። "መረቡ ነው" ብል ይበቃ ነበር። መርየም በወቀሰችኝ፣ አዲስ መረብ በገዛን፣ የተዋበች ቃልም እንደጸና በቀረ። ዝም አልኩ። ወደ አቡ ዳቢ ስንመለስ መኪናው ውስጥ መርየም በመስኮት እያየች፣ "ኡስታዛም ትሳሳታለች ለካ" አለች። ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ተኛች። ከሕፃንነቷ ወዲህ እንደዚያ ተኝታ አታውቅም ነበር። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ደስታ መባል የሚገባው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ደስ አለኝ።

ለጥቂት ሳምንታት ተዋበች ትናገርብኛለች እያልኩ ጠበቅኩ። አልተናገረችም፤ ቢያንስ እኔ አልሰማሁም። መርየምም አልወቀሰችኝም። በዓመቱ ቅጠሉ ዳግም ሲረግፍ ግን የገበያውን መረብ ደግማ አምጥታ፣ "ሠላሳ የቁርቁራ ከረጢት ደግሞ ከዚህኛው ስፊልኝ፣ ማማ" አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ሰፋሁላት። ሲከፈቱ እዚያ አልነበርኩም። ምን እንደተገኘባቸውም አልጠየቅኩም።

ጅዳ በዚያው ክረምት ታመው ሞቱ። ማዳም ለወንድሟ እርሻውን አላስነካ አለችው። ተዋበች ግን ሥራዋ አለቀ፤ የመኖሪያ ፈቃዷም፣ ኢቃማዋ፣ ሊያበቃ ነበር፤ አገሯ ለመግባት ቆረጠች። ልሰናበታት ከመርየም ጋር ሄድኩ። ሻንጣዋን ዘግታ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ብቻችንን ስንሆን አፌን ከፈትኩ። "ተዋበች፣ ያ መረብ..." አልኩ።

"እትዬ፣ የዘጋሁትን ሻንጣ አያስከፍቱኝ" አለችኝ እየሳቀች። ጉንጬን ሳመች። "የተምር ቅጠልም እኮ መፍረሱ አይቀርም። ጊዜ ነው የሚፈልገው።" ከዚያ ሰይድ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ።

የመርየም ጥናት ተጠርዞ ሲወጣ አንዱን ቅጂ ሰጠችኝ። እንግሊዝኛው ይከብደኛል፤ የምስጋናውን ገጽ ግን አንብቤዋለሁ። ከቤተሰቡ ቀጥሎ የእኔ ስም አለ፤ "ለስፌቷና ለብልህነቷ" ይላል። የተዋበች ስም ከእኔ በታች ነው። ይህን ገጽ ስንት ጊዜ እንደገለጥኩት አልቆጠርኩም። "ብልህነት" ያለችው የቱን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ይህንንም አልጠየቅኩም። ስሜ ከሷ ስም በላይ ነው፤ ያ በቅቶኛል። መርየም አግብታ አል ናህያን ሰፈር ስትገባ እኔንም ይዛኝ መጣች፤ መጽሐፉን አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ከልቅሶው በኋላ ባለው ቅዳሜ መርየም፣ "ማማ፣ እርሻው ጋ እንሂድ፤ ለኡስታዛ" አለችኝ። ሰይድ ወሰደን። ቁርቁራው ትልቅ ሆኗል። መርየም ከሥሩ ተቀመጠች፤ እኔም ሰይድ ባወጣልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ የጅዳ ነው። ሰይድ መኪናው ጋ ተመለሰ።

መርየም ከዛፉ ቅጠል ቀንጥባ ጆሮዋ ሥር አሸችው። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ። "እንዳልጠይቅሽ አስምላኝ ነበር። አሁን ስለሞተች ይፈቀድልኛል መሰለኝ።"

"ምን?"

"ያን ደቃቅ መረብ እንዴት አሰብሽው?"

ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩ።

"ያ ቁርቁራ አልፈርስ ያለ ጊዜ፣ በማግስቱ ደወለችልኝ" አለች መርየም። "'መረቡን እዪው' አለችኝ። 'ማማሽ ብልህ ሴት ናት፤ ምስጥ የማያስገባ አድርጋ የሰፋችው ሆን ብላ ነው። ቅጠሉን የሚጨርሰው ለስላሳነቱ ብቻ ነው ወይስ በላተኛው ነው፣ የሚለው እንዲለይልሽ ብላ ነው። አሁን በሰፊው መረብ ሌላ ሠላሳ አሰፊና ሁለቱን አስተያዪ። ግን አትጠይቂያት፤ መመስገን አትወድም፣ ታፍራለች' አለችኝ። እንዳለችው አደረግኩ። በሰፊው መረብ የነበረው ቁርቁራ በሦስት ወሩ ጅማቱ ብቻ ቀረ። ቅጠሉ ልስላሴ ስላለው ምስጡ ይመርጠዋል፤ ምስጡ ከሌለ ግን ልስላሴው ብቻውን ብዙም አይሠራም። ከጥናቴ ሁሉ የተወደደልኝ ይህ ክፍል ነው። ፕሮፌሰሬ 'ማን አሰበው?' ሲለኝ 'ያሳደገችኝ ሴት' አልኩት።"

ልጅቷ በኩራት ነበር የምታየኝ። ሕይወቴን ሙሉ በዚያ ዓይን እንድታየኝ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ዝም ብል ያ ዓይን የእኔ ሆኖ ይቀራል። የሚያውቀው ሌላ ሰው የለም፤ አንዷም ወሎ ተቀብራለች።

"ውሸት ነው፣ መርየም" አልኳት።

"ምኑ?"

"አላሰብኩትም። መረቡ አልቆብኝ ነው የትንኙን መረብ የሰፋሁት። ቀዳዳው ለምን እንደሚሰፋ አላውቅም ነበር፤ እሷን መጠየቅ ስላልወደድኩ። ከረጢቱ ሲከፈት ገባኝ። እሷም በጣቷ አሽታ አወቀችው። ዓይኔን አየችኝ። እኔ ዝም አልኩ፤ ተሳሳተች ስትዪ እየሰማሁ ዝም አልኩ።"

"ለምን፣ ማማ?"

"ኡስታዛ ስላልሻት።"

መርየም አቀረቀረች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ግማሹ ሳቅ ነበር። አፏን በእጇ ጀርባ ከለለች፤ ልክ እንደ ተዋበች። በዚያች ቅጽበት እንኳን፣ ሞታ እንኳን፣ ቀናሁባት። እኔ ሃያ ዓመት ተሸክሜ ካሳደግኳት ልጅ እጅ ላይ የቀረው የሷ አሳሳቅ ነው። ተዋበች የእኔን ጥፋት ወስዳ ብልህነት አድርጋ በስሜ መለሰችልኝ፤ እኔ ደግሞ ያንን ገጽ እየገለጥኩ ስሜ ከሷ በላይ ነው ስል ከረምኩ።

"ስሜን ከመጽሐፉ አውጪው" አልኳት።

"ኸላስ፣ ማማ። ታትሟል እኮ።"

"እንግዲያው የሷን ከእኔ በላይ አድርጊው።"

"ታትሟል አልኩሽ" አለች። መሬቱን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችው። ከቁርቁራው ሥር ቅጠል የለም፤ ጥቁር አፈር ነው ያለው፣ በዚያ ሁሉ አሸዋ መካከል። ጥቂት እርምጃ ወዲያ የተምሩ ዘንባባ እንደወደቀ ተጋድሟል። ተነሥቼ ጫፉን ያዝኩት። ለማጠፍ ሞከርኩ፤ ትንሽ ተሰነጠቀ።

ስንመለስ መርየም ትከሻዬ ላይ አልተደገፈችም። እጄን ግን ይዛ ነበር፤ አቡ ዳቢ እስክንገባ አለቀቀችውም።

የታተመውን እኔ ልለውጠው አልችልም። ሴቶቹ ልቅሶው ላይ ሲጠይቁኝ መናገር የነበረብኝን ግን እዚህ ጽፌዋለሁ። ይህ ወረቀት የእኔ ነው፤ ማን እንደሚቀድም የምወስነውም እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ቃል ስሟ ያደረግኩት ለዚህ ነው።